ቀይዋን በቡራቡሬዋ

ተሻለች ቀናተኛ ናት። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኋላ አንጀታችሁን በልታው «ምስኪን» እንዳትሏት። ቅናቱን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ላይ ላዩን እየሳቀ የሚኖር ሰው ሞልቷል። የተሻለች ግን ፊቷ ላይ ነው የሚወጣው፤ ጉንጯ ይቀላል፣ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ነጠላዋን ያለ ነገሩ ደጋግማ ታጣፋለች። የምትቀናውም በዓለሙ ሁሉ አይደለም። በአንዲት ሰው ብቻ ነው፤ በጎረቤቷ በሀጂራ።

ሁለቱ አሰላ ከተማ ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተው ሃያ ዓመት ኖረዋል። አጥሩ ላይ ትንሽ በር አለች፤ ሽንኩርቱም፣ ፉርሽካውም፣ ወሬውም በሷ ነው የሚያልፈው። ሀጂራ ድንች ብትተክል የሷ ድንች ያምራል። ቆርቆሮ ብታለብስ የሷ ቆርቆሮ አያፈስም። አምስት ልጆች ወልዳለች፣ አምስቱም እናታቸውን «እሺ» ይላሉ። የተሻለች አንድ ልጇ ናዝሬት አስረኛ ክፍል ደርሳለች፣ እስከ ዛሬ ግን «እሺ» የሚለው ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ የሀጂራ ዋና የሚያበሽቅ ነገሯ ምን መሰላችሁ? ደግ መሆኗ። ክፉ ብትሆን ኖሮ ተሻለች ጠልታት ታርፍ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ተሻለች ትበልጣታለች። አለኝታ አለቻት። አለኝታ ላሟ ናት፣ እናቷ ለሰርጓ ከሰጠቻት ላም የተወለደች፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ክልስ። ባሏ እንደሻው አይሱዙው ተገልብጦበት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ሲውል ቤቱን ያቆመችው አለኝታ ናት። ናዝሬትን ያሳደገችውም አለኝታ ናት። ሰፈሩ ውስጥ ወተቷን ተወዳድሮ የሚያሸንፈው አልነበረም፣ የሀጂራ ላም ቦንቱም ብትሆን አትጠጋትም። አሁን ግን አለኝታ አርጅታለች፣ እስካሁን የወለደችውም ሁሉ ወንድ ወንድ ነው። ተሻለች «አንዲት ሴት ጥጃ ብቻ! ዘሯ እንዳይጠፋብኝ አንዲት ብቻ!» እያለች ለእመቤቴ ማርያም ጧፍ ተስላለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም ብል ብዙም አልዋሸሁም።

እንደ ዕድል ሆኖ አለኝታና ቦንቱ በአንድ ቀን ኮርማ ፈለጉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ኮርማ ፍለጋ አይሄድም፤ በእውቀቱ የሚባለው አዳቃይ በሞተር ብስክሌቱ ይመጣና የበረደ የኮርማ ዘር በቀጭን ቱቦ አስገብቶ ይሄዳል። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም፣ እሱም ደክሞት ማረሙን ትቶታል። በዚያን ቀን መጀመሪያ አለኝታን፣ ከዚያ በትንሿ በር አልፎ ቦንቱን አዳቀለ። ከአንድ ኮርማ ዘር ነው፣ ሁለቱም ሴቶች ቆመው አይተዋል።

ዘጠኝ ወር አለፈና አለኝታ ሰኞ ረፋድ ላይ ወለደች። ያዋለደቻት ራሷ ተሻለች ናት፤ በማዋለድ እጇን የሚያህል በሰፈሩ የለም፣ ላም ያስጨነቀው ሁሉ እሷን ነው የሚጠራው። ጥጃዋ መሬት እንደነካች ተሻለች የኋላ እግሯን ከፍታ አየች። ሴት! እልል ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ፀጉሯን በገለባ ስታብሰው ቀለሙ ወጣ፤ ቀይ። ነጩ ሆዷ ሥር ብቻ ቀርቶ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ቀይ፣ በበቆጂ መንገድ ዳር እንደሚግጠው ያገሬው ከብት ቀይ። እልልታው እዚያው ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለች ሀጂራ በትንሿ በር ብቅ ብላ። «ሴት ናት? ማሻአላህ! ይኸው ጸሎትሽ ደረሰ።»

«ቀይ ናት» አለች ተሻለች።

«ቢሆንስ? ዲምቱ በያታ» አለች ሀጂራ እየሳቀች። በኦሮምኛ ቀይዋ ማለት ነው።

ተሻለች ስም አላወጣችላትም። ስም ለማውጣት የሚያበቃ ደስታ አልነበራትም።

ሐሙስ ደግሞ ቦንቱ አማጠች። ሀጂራ ማንን ትጥራ? ተሻለችን። ተሻለች እጅጌዋን ሰብስባ ገባች፣ ጎተተች፣ ወንድ ወጣ፤ ቡራቡሬ፣ ቆንጆ። ልቧ ቀለል አለ። «አይዞሽ ሀጂራ፣ ወንድም ቢሆን ያድጋል፣ ይሸጣል» ለማለት ስትዘጋጅ ቦንቱ እንደገና ጀርባዋን አጎበጠች። ሌላ አለ! ተሻለች በገዛ እጇ ጎትታ አወጣቻት። ሴት። ጥቁርና ነጩ ተለይቶ የተሳለ ነው የሚመስለው፣ ግንባሯ ላይ ነጭ፣ አራት እግሮቿ ነጭ። ቁርጥ አለኝታን! ሰፈሩ ተንጋግቶ መጣ፣ «መንታ! መንታ!» ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ። ተሻለች እጇን በጄሪካን ውሃ እየታጠበች ሆዷ ድብን ብሎ አረረ። ለኔ አንዲት ቀይ፣ ለሷ ሁለት ቡራቡሬ? ያውም በኔ እጅ?

ቅዳሜ በእውቀቱ ጥጆቹን ሊያይ ሲመጣ ተሻለች በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ቦሎቄ ትለቅም ነበር፤ ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለበት ቦሎቄ። ናዝሬት አጠገቧ ደብተር ይዛለች። በእውቀቱ ደህና አደራችሁ ብሎ ሳይጨርስ ተሻለች ነገር ጀመረች።

«አንተ ዶክተር፣ ለሷ የፈረንጁን፣ ለኔ ያገሬውን ኮርማ ነው የሰጠኸኝ?»

«እትዬ ተሻለች፣ ከአንድ ኮርማ ነው። ቆመው አይተዋል'ኮ።»

«ታዲያ ይቺን ቀይ ከየት አመጣሃት? አለኝታ ቡራቡሬ፣ ኮርማህም ቡራቡሬ ነው ትላለህ!»

በእውቀቱ ራስ ቁሩን አወለቀና ሰፌዱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ትዕግስቱ አያልቅም፣ እሱን ላድንቀው። ከሰፌዱ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ፍሬ አነሳ። «ይኸው አለኝታ። ከብት የቀለሙን ነገር ጥንድ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ አንዱን ከእናቱ አንዱን ከአባቱ። አለኝታ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ይዛለች። ጥቁሩ ስለሚያይል ይሸፍነዋል፣ ለዓይን ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው። ቀዩ ግን ተደብቆ አለ።» ሌላ ጥቁርና ቀይ አንስቶ በሌላኛው መዳፉ ያዘ። «ይሄ ደግሞ ኮርማው። እሱም ደብቋል።»

«ዶሚናንትና ሪሴሲቭ» አለች ናዝሬት ከደብተሯ ቀና ሳትል።

«ጎበዝ። አሁን እትዬ፣ ሰውነት ሲያድግ አንዱ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ያለውን ሁሉ ገልብጦ ነው፣ ሁለቱም ሙሉውን ይይዛሉ። የቁስል ቆዳ የሚተካው፣ ጥጃው ጊደር የሚሆነው እንደዚያ ነው። ለዘር የሚሆነው ህዋስ ግን ሲከፈል ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ከጥንዱ አንዱን። የትኛውን እንደሚይዝ አለኝታም አታዝም፣ እኔም አላዝም። ዓይንዎን ይጨፍኑና ከሁለቱም መዳፌ አንድ አንድ ያንሱ።»

ተሻለች ጨፈነች። አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ። «ይቺ ጥቁር ትሆን ነበር» አለ በእውቀቱ። መልሳ ጨፈነች። ሁለት ጥቁር። እንደገና። አንድ ቀይና አንድ ጥቁር። በአራተኛው ሁለት ቀይ ወጣ፣ እጇ ላይ ፈጥጦ ያያታል።

«ይኸው ጥጃዎ» አለ በእውቀቱ። «ከአራት አንዴ ያጋጥማል። ደግሞ የቀለሙ ነገር ወተቷን አይነካም። ይቺ የአለኝታ ልጅ ናት፣ ግማሹ ነገሯ የአለኝታ ነው። ይያዟት።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ገብቶት ዝም ይል ነበር። ተሻለች ግን ቦሎቄውን ሰፌድ ላይ በትና ወረወረችው። «ምነው ታዲያ የሀጂራዋ ሁለት ጊዜ ጨፍና ሁለቴም ጥቁር አወጣች? የኔዋ ብቻ ናት እድለ ቢስ?»

በእውቀቱ ከቁጢጡ ተነሳ። ራስ ቁሩን አጠለቀና በትንሿ በር ወደ ሀጂራ ግቢ ተሻገረ። እዚያ ከሀጂራ ጋር ራሱን እየነቀነቀ ረዥም ጊዜ ሲያወራ ተሻለች በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ምን እንዳላት አልሰማችም። ባትሰማስ፣ እሷን እያሙ እንደሆነ መች አጣችው?

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። ቀይዋ ስትጠባ እያየች ቡራቡሬዋን ታስባለች። ሀጂራ መንታዎቹን ፀሐይ ላይ ስታወጣ ይሄ አጥር ወድቆ በተገላገልኩ ትላለች። ጥጆቹ ጡት ሊተዉ ሲቃረቡ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት፣ ሐሳቡም ሲመጣ ትክክል መሰላት። ለውጥ! ሀጂራ ወንዱ አላት፣ ቦንቱም ገና ወጣት ናት፣ ነገ ሌላ ትወልዳለች። ቡራቡሬዋን ለኔ፣ ቀይዋን ለሷ። ከአንድ ኮርማ የወጡ እህትማማች አይደሉም? የአለኝታን መልክ ይዛ የአለኝታን ቦታ የምትተካው ያቺ ናት።

ነገሩን ለሀጂራ ስትነግራት ሀጂራ የምታቦካውን ፉርሽካ ትታ ቀና አለች።

«ተሼ፣ ይቅርብሽ። ይቺ ጊደር አትወልድም።»

«ምን?»

«ዶክተሩ ነው የነገረኝ። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ሴት ጥጃ መሲና ነው የምትሆነው፣ ከአስር አንዷ ብትተርፍ ነው አለኝ። እኔ ራሴ አደልቤ ልሸጣት ነው። ያንቺ ቀይዋ ደህና ናት፣ ወላሂ፣ እሷን ያዢ።»

የተሻለች ጉንጭ ቀላ። ድምፅዋም ቀጠነ። «አንቺ ከማን ጋር ነው የተወለድሽው?»

«እንዴት?»

«ከወንድምሽ ከሁሴኖ ጋር መንታ አይደለሽም? በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆድ! ስንት ወለድሽ? አምስት! አንቺ ነሽ መሲናዋ?»

ሀጂራ ግራ ገባት። እሷም ይህንኑ በእውቀቱን ጠይቃው ነበር፣ «ሰው ሌላ ነው ላም ሌላ ነው» ብሎ ምክንያቱንም ነግሯት ነበር፣ ግን ነገሩ ጭንቅላቷ ውስጥ አልቀረም። «እኔ እንጃ ተሼ፣ የሰውና የላም አንድ አይደለም አለኝ» ብቻ አለች።

«አልሰጥሽም በይኝ! መብትሽ ነው! ውሸት ግን አትጨምሪበት» አለች ተሻለችና ወጣች። በዚያው ቀን ትንሿን በር በሽቦ ጠፍራ አሰረቻት።

ናዝሬት «እማዬ፣ ለምን ዶክተሩን አትጠይቂውም?» ብትላት፣ «እሱም የሷ ነው!» ብላ ጮኸችባት። እንደሻው ከበቆጂ ገብስ ጭኖ ሲመለስ ወሬውን ሰማ። «ልታልቢያት ነው ወይስ ኩለሽ ልትድሪያት?» አለና ሳቀ፤ ሳቁን የተጋራው ሰው አልነበረም። ከዚያ ኮስተር ብሎ «ተይ ተሻለች፣ ሴትየዋ ዋሽታሽ ታውቃለች?» አላት። ይህ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። የገዛ ባሏ እንኳ!

አንድ ወር ከምናምን ተኮራረፉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተዘጋ በር ተዘጋ። ቀድሞ የደከመው የሀጂራ ልብ ነው። አንድ ቀን በዋናው መንገድ ዞራ፣ የተሻለችን የውጭ በር አንኳኩታ ገባች፣ ቡራቡሬዋን በገመድ እየሳበች። እንደሻውና ናዝሬት በረንዳ ላይ ነበሩ።

«ይኸው» አለች ሀጂራ። «በላም ምክንያት እኔና አንቺ አንኳረፍም። ግን እዚህ ሁሉም ይስማኝ፤ አትወልድም ብያለሁ። ኋላ እንዳትወቅሺኝ።»

«አልወቅስሽም» አለች ተሻለች፣ ገመዱን እየተቀበለች። ቀይዋን ናዝሬት ናት ፈትታ የሰጠቻት፣ ፊቷን አጥቁራ። ተሻለች ቀይዋ ስትወጣ ዞራም አላየቻትም። ለቡራቡሬዋ ግን ወዲያው ስም አወጣችላት፤ እመቤት። የትንሿን በር ሽቦም ያን ማታ ፈታችው።

እመቤት ደግሞ ማደግስ አደገች! ቁመቷ፣ ደረቷ፣ የፀጉሯ ወዝ ሲታይ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያደንቃል። ተሻለች ከራሷ አፍ ቀንሳ ፉርሽካ እየገዛች አበላቻት። የሀጂራ ቀይ፣ ዲምቱ፣ ቀጭን፣ አጭር፣ የማታምር ሆና በአጥሩ ወዲያ ስትንቀሳቀስ ተሻለች እያየቻት ሆዷ ይረካ ነበር። ያን ዓመት ብቻ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ያን አንድ ዓመት፣ ሀጂራን በልጣ ኖረች። ደስታዋን አልነፍጋትም፣ አጭር ነበርና።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አለኝታ እርጥብ ሣር በላችና ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ተሻለች እንደ ሰው አለቀሰችላት። ሀጂራ መጥታ አብራት ተቀመጠች። «አይዞሽ፣ እመቤት አለችሽ» አላለቻትም፤ ተሻለችንም ይሄው ከነከናት።

ከዚያ ዲምቱ ኮርማ ፈለገች። በእውቀቱ መጥቶ አዳቀላት፣ ከሁለት ወር በኋላም «ይዛለች» አለ። ተሻለች በአጥሩ ቀዳዳ ነው የሰማችው። እመቤት ከሷ እኩል ናት፣ በገላ እጥፏ ናት፣ ግን አንድም ቀን አልጮኸችም፣ አንድም ቀን አልተቅበጠበጠችም። አንገቷ እየወፈረ፣ ትከሻዋ እንደ በሬ እየሰፋ ሄደ። «ዘግይታ ነው» አለች ተሻለች። ሦስት ወር ጠበቀች፣ አምስት ወር ጠበቀች። በመጨረሻ እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ራሷ በእውቀቱን ጠራችው።

በእውቀቱ ረዥም የላስቲክ ጓንቱን አጥልቆ እመቤትን መረመራት። ብዙ አልቆየም። እጁን አወጣና ጓንቱን ገለበጠ።

«ማህፀኗ የለም ማለት ይቻላል፣ እትዬ። እንደ ክር ቀጥኖ ቀርቷል።»

«መድኃኒት አይኖረውም?»

«የለውም። ሲፈጠሩ የሆነ ነገር ነው። የላም መንታ ሆድ ውስጥ የእንግዴ ልጃቸው ይጣበቅና ደማቸው አንዱ ወዳንዱ ይፈሳል። የወንዱ ሆርሞን ወደ ሴቷ ይገባና ማህፀኗ ሳያድግ ይቀራል። የሱ ህዋስም አብሮ ይገባል፣ እዚያም ይኖራል፤ ደሟን ብንመረምረው እስከ ዛሬ የወንድሟ ህዋስ እየተከፈለ እየተራባ እናገኘዋለን። በሰው መንታ ግን ደሙ አይገናኝም፣ ለዚህ ነው እሜቴ ሀጂራ አምስት የወለዱት።» ጓንቱን ጠቀለለና «ነግሬያቸው ነበር'ኮ፣ አልነገሩዎትም?» አለ።

ተሻለች ነጠላዋን አጣፋች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጣፋች። ከዚያ ተነሳችና በትንሿ በር በርራ ሀጂራ ግቢ ገባች። «አታለልሽኝ!» ልትል ነው። ሀጂራ ልብስ እያሰጣች ዞር ብላ «ደህና ዋልሽ ተሼ» አለቻት። ተሻለች አፏን ከፈተች። ምን ትበል? የነገረቻት እሷ፣ የማለችላት እሷ፣ ምስክር ፊት የደገመችላት እሷ። ሀጂራ ዋሽታ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ደስታ ነበር!

«ሽንኩርት አለሽ?» አለች ተሻለች።

ሀጂራ ሦስት ሽንኩርት ሰጠቻት። ተሻለች ቤቷ ሽንኩርት ሞልቶ ተርፎ ነበር።

ከዚያ ያሉት ወራት ለተሻለች የእሳት ወራት ናቸው። በየቀኑ በአጥሩ ቀዳዳ የዲምቱን ሆድ ታያለች። አሁን ገብቷታል፣ ያውም በደንብ፤ ናዝሬትን አስቀምጣ የትምህርት ደብተሯን ሁሉ አስነብባታለች። ያቺ የማታምር ቀይ ጊደር የአለኝታ ግማሽ ናት። በዓለም ላይ የቀረ የአለኝታ ነገር ያ ነው፣ እሱም የሀጂራ በረት ውስጥ ቆሟል። በገዛ እጄ! ትላለች ጥርሷን ነክሳ። ደግሞ በራሷ መናደድ ሲሰለቻት ወደ ሀጂራ ትዞራለች። ለምን አጥብቃ እምቢ አላለችኝም? ትንሽ ብትጨክን ምን ነበረበት?

ዲምቱ ያማጠችው ሚያዝያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ተሻለች ለእመቤት ፉርሽካ እያቀረበች ሳለ የሀጂራ ጩኸት መጣ።

«ተሼ! ተሼ ድረሽልኝ! ዲምቱ ልትሞትብኝ ነው!»

ተሻለች ባልዲውን ይዛ ቆመች። አልንቀሳቀስ አለች። ልዋሽላችሁ አልፈልግም፤ በዚያች ደቂቃ ሆዷ ውስጥ የነበረው ነገር ግልጽ ነበር። ትሙት። እሷም ትሙት፣ ጥጃዋም ትሙት። የኔ ካልሆነች የማንም አትሁን። እኩል እንሁን። እንዲህ ብላ አሰበች፣ በቃላት፣ አንድ በአንድ።

«ዶክተሩ ሲሬ ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም! ተሼ!»

ዲምቱ ጮኸች። ድምፅዋ የአለኝታ ነው። ቁርጥ የእናቷ፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚለው። ተሻለች ባልዲውን መቼ እንደጣለችው አታውቅም፣ ራሷን ያገኘችው ዲምቱ ኋላ ተንበርክካ ነው።

«ሳሙና! ዘይት! ውሃ!» አለች። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። የጥጃው አንድ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል፣ ጭንቅላቱ ግን መንገድ ይዟል፤ እንደዚህ ሲሆን እናትም ልጅም ይሞታሉ። ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሳ ገፋችው፣ የታጠፈውን እግር ኮቴውን በመዳፏ ሸፍና ቀስ ብላ አቃናችው። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሀጂራ የዲምቱን አንገት አቅፋ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። «አሁን! እኔ ጋ ነይና ሳቢ! ስታምጥ ብቻ ሳቢ!» ሁለቱም ሳቡ። ሁለቱም አብረው ወደ ኋላ ወደቁ፣ ጥጃዋም እላያቸው ላይ።

አትተነፍስም። ተሻለች አፏን ጠረገችላት፣ ሣር አንስታ አፍንጫዋ ውስጥ ጎረጎረች፣ ደረቷን አሸች፣ «ተነሺ! ተነሺ አንቺ!» እያለች በመዳፏ መታቻት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ጥጃዋ አስነጠሰች። ራሷን ነቀነቀች።

ተሻለች ግን አልተቀመጠችም። መልሳ እጇን ዲምቱ ውስጥ አስገብታ ጥግ ጥጉን ዳሰሰች። «ብቻዋን ናት» አለች እያለከለከች። «ሌላ የለም። መንታ አይደለችም።» ከዚያ የጥጃዋን የኋላ እግር ከፈተች። ሴት ናት። በገለባ ሲያብሷት ቀለሟ ወጣ፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ። ከዚያች ቀይ! ተሻለች አየቻት። ይኸው፣ የለመነችው ሁሉ፣ የአለኝታ ዘር፣ የአለኝታ መልክ፣ ሴት፣ ብቻዋን የተወለደች፣ የምትወልድ። ያውም በሷ እጅ ነፍስ የዘራች። የሀጂራ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

ሀጂራ ገለባውን ይዛ ጥጃዋን ማሸቷን አላቆመችም። «ጡት ስትተው ትወስጃታለሽ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ያንቺ ናት። ዲምቱን የተቀበልኩሽ ቀን ነው ያሰብኩት፣ የመጀመሪያዋ ሴት ለተሼ ትሁን ብዬ። ወንድ ሊሆን ይችላል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ። ለሚፍታም ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።»

ሚፍታ ባሏ ነው። እሱም እሺ ብሏል! ተሻለች በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀችው፣ የመጣው ግን ያው የምታውቀው ቃጠሎ ነው፣ ከዛሬው የባሰ ተሰምቷትም አያውቅ። በድንች በለጠችኝ፣ በቆርቆሮ በለጠችኝ፣ በልጆች በለጠችኝ፤ አሁን ደግሞ በዚህ? ይሄንን በምን እደርስበታለሁ? እምቢ ልትል ፈለገች። ጥጃዋ በቀጫጭን እግሮቿ ልትቆም እየታገለች ወደሷ ወደቀች፣ ተሻለችም ሳታስበው አቀፈቻት፣ ካቀፈቻትም በኋላ መልቀቅ አቃታት።

እንባዋ መጣ። «ሀጂራ» አለች። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን አልሰጥሽም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሀጂራ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።